ለፊታችን እሁድ

ኦገስት 23 ቀን 1730 የላይፕዚግ ከተማ ምክር ቤት ከአንድ ተቀጣሪው ረዘም ያለ ማመልከቻ ደረሰው። ጸሐፊው የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት መዝሙር የሚመራ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው። ለአንድ የመዘምራን ጓድ ቢያንስ 12፣ ከተቻለ 16 ዘማሪ ያስፈልጋል ይላል። መሣሪያ የሚጫወቱት ደግሞ 18፣ ቢበዛ 20 መሆን አለባቸው፤ ከተማው የሚከፍላቸው ግን ስምንት ብቻ ናቸው። ስለነዚህ ስምንቱ ችሎታ እውነቱን መናገር ይሉኝታ ያዘኝ ብሎ ያልፈዋል። መጨረሻ ላይ የተማሪዎቹ ስም በሦስት ተከፍሎ ተዘርዝሯል። 17ቱ የሚሆኑ፣ 20ዎቹ ከሠሩ ወደፊት የሚሆኑ፣ የቀሩት 17 ጭራሽ የማይሆኑ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አሠልጣኝ ነኝ። ይህን ዝርዝር ያነበብኩ ዕለት ብቻዬን ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ዝርዝር በልቤ የማልጽፍበት ሳምንት የለም፤ ለሽማግሌዎች አላቀርበውም እንጂ። ሐሙስ ማታ ለልምምድ ስንሰበሰብ አንዱ ቴነር ሚዜ ነኝ ብሎ ይቀራል፣ ሌላዋ ጉንፋን ይዟታል፣ ኪቦርዱን የሚጫወተው ልጅ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፣ በዚህ ላይ መብራት ይሄዳል። እሁድ ግን አይቀርም። ምዕመናን ደግሞ እሁድ ጠዋት የሚሰሙት መዝሙሩን ነው፤ ሐሙስ ማታ ምን እንደነበረ ማን ይጠይቃል?

ማመልከቻውን የጻፈው ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ነው። ስሙን የሰማ ሰው የሚያስታውሰው ብዙውን ጊዜ ያን ነጭ ሰው ሠራሽ ፀጉር የደፋ፣ ግንባሩን የቋጠረ ሽማግሌ ሥዕል ነው። ሊቅ ይሉታል፣ የሙዚቃ አባት ይሉታል፤ ይህን ካሉ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይሰሙትም። እኔ የምወደው ባኽ ደመወዝተኛ ነው። አለቃ አለው፣ ውል ፈርሟል፣ ወረቀቱ ያልቅበታል፣ በሩ ሲንኳኳ ሥራው ገና አልተጠናቀቀም። ዛሬ ዓለም በታላቅ አዳራሽ ቲኬት ቆርጦ የሚሰማው ሥራው ግማሹ የተጻፈው ለፊታችን እሁድ መድረስ ስለነበረበት ነው።

ባሮክ የምንለው የሙዚቃ ዘመን ከ1600 እስከ 1750 ገደማ ያለው ነው፤ እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ። መዝጊያው 1750 የሆነው ባኽ ያረፈበት ዓመት ስለሆነ ነው። የአንድ ሰው ሞት የዘመን ድንበር ሲሆን ሰውየው ምን ያህል ቢሆን ነው ያሰኛል። በጊዜው ግን እንዲህ ያለ ወሬ አልነበረም።

የተወለደው በ1685 በመካከለኛው ጀርመን፣ ቱሪንጊያ በሚባለው አገር፣ አይዘናኽ ከተማ ነው። ለእናት አባቱ ስምንተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። ዘር ማንዘሩ ሙዚቀኛ ነው፤ አባቱም የከተማው ሙዚቀኛ ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ እናቱ ሞተች፣ ዓመት ሳይሞላ አባቱ ተከተላት። ኦርድሩፍ በምትባል ትንሽ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚጫወት ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው። (ኦርድሩፍ ከጎታ በእግር የሚደረስባት ናት። ጎታ ደግሞ የእኛው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ጀርመናዊውን ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ ያስተማሩባት ከተማ ነች። የባኽ አባትም ሉዶልፍም የኤርፉርት ተወላጆች ናቸው። ተገናኝተዋል ማለቴ አይደለም፤ ካርታውን ባየሁ ቁጥር ስለሚገርመኝ ነው።)

ወንድሙ የታወቁ ደራሲያን ሥራ የተገለበጠበት አንድ ደብተር ነበረው፤ ልጁ እንዲያየው ግን አልፈቀደለትም። ቁም ሣጥኑ የሚዘጋው በፍርግርግ ነበርና ልጁ ሌሊት ሌሊት ትንሽ እጁን በፍርግርጉ አሾልኮ ደብተሩን እየጠቀለለ ያወጣዋል። መብራት ስለሌለው በጨረቃ ይገለብጣል። ሥራው ስድስት ወር ፈጀበት። ጨርሶ ሊደሰት ሲል ወንድሙ ደረሰበትና ግልባጩን ነጠቀው። ታሪኩን የምናውቀው የባኽ ልጅ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ከአንድ የአባቱ ተማሪ ጋር ጽፎ በ1754 ካሳተመው የሕይወት ታሪክ ነው፤ ሽማግሌው ለልጆቹ እየደጋገመ ሳያወራቸው አልቀረም።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው አርንሽታት ላይ በኦርጋን ተጫዋችነት ተቀጠረ። ቁጡ ነበር። ባሱን የሚባለውን ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወት አንድ ተማሪ፣ በዕድሜ ከእርሱ የሚበልጥ፣ ሲያበላሽበት ጊዜ የፍየል ባሱን ተጫዋች ብሎ ሰደበው። ተማሪው አንድ ማታ ዱላ ይዞ አደባባይ ላይ ጠበቀው፤ ባኽ ሰይፍ መዘዘ፤ ሰው መሃል ገብቶ ገላገላቸው። ነገሩ ለቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ቀረበ። ጥቂት ቆይቶ፣ በ1705 መኸር፣ የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ወደ ሰሜን ሄደ፤ ሉቤክ ከተማ ያለውን ሽማግሌ የኦርጋን ጌታ ቡክስተሁደን ሊሰማ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግሩ ሄደ። የተመለሰው ከአራት ወር በኋላ ነው። ጉባኤው ጠርቶ የት ከረምክ ቢለው ሙያዬን ላሻሽል አለ። እነርሱም ሌላ ክስ ጨመሩ፦ መዝሙር ስታጅብ እንግዳ እንግዳ ድምፅ እያስገባህ ምዕመናኑን ግራ ታጋባለህ። ከሉቤክ ምን ይዞ እንደመጣ ከዚህ ክስ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ከዚያ ሙልሃውዘን፣ ከዚያ ቫይማር። ከቫይማር ልልቀቅ ብሎ ድርቅ ቢል መስፍኑ ከኖቬምበር 6 እስከ ዲሴምበር 2 ቀን 1717 አሰረውና በውርደት አሰናበተው። ቀጥሎ ኮተን በምትባል ከተማ የአንድ ወጣት ልዑል የሙዚቃ አዛዥ ሆነ። እዚያ ደስተኛ ነበር። በ1720 ከልዑሉ ጋር ካርልስባድ ወደሚባለው ፍል ውሃ ሄዶ ሲመለስ ሚስቱ ማሪያ ባርባራ ሞታ ተቀብራ ቆየችው። ሲሄድ ደህና ነበረች። በዓመት ከመንፈቅ ገደማ የቤተ መንግሥቱን ዘማሪት አና ማግዳሌናን አገባ፤ ሃያ ዓመቷ ነበር። ከሁለቱ ሚስቶቹ ሃያ ልጆች ወለደ፤ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት አሥር ናቸው።

ወደ ላይፕዚግ እንምጣ። በጁን 1722 የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት ካንቶር የነበረው ኩናው ሞተ። ካንቶር ማለት የትምህርት ቤቱ የመዝሙር መምህር ነው፤ በዚያው የከተማዋ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ኃላፊ ይሆናል። ምክር ቤቱ በመጀመሪያ የፈለገው ቴለማን የሚባለውን ሙዚቀኛ ነው። ቴለማን ሃምቡርግ ደመወዝ ሲጨምሩለት ቀረ። ሁለተኛ ግራውፕነር የሚባል ሌላ ሙዚቀኛ መረጡ፤ ጌታው አልለቅም አለ። ያኔ አንዱ የምክር ቤት አባል ምርጦቹን ማግኘት ካልቻልን መካከለኛውን መውሰድ ግድ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ቃለ ጉባኤው ዛሬም አለ። እንግዲህ መካከለኛው ባኽ መሆኑ ነው። ሰው መምረጥ ከባድ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ቴለማን በዘመኑ ከባኽ በብዙ እጥፍ ዝነኛ ነበር።

የፈረመው ውል ለእኔ ቢጤ ሰው ጣፋጭ ንባብ ነው። ያለ ከንቲባው ፈቃድ ከከተማ አይወጣም። ሙዚቃው እንዳይረዝም፣ ቲያትርም እንዳይመስል፣ ሰሚውን ወደ መንፈሳዊነት እንዲያነሳሳ ግዴታ ገባ። ላቲን ማስተማርም አለበት፤ ይህን ከኪሱ ገንዘብ እየከፈለ ለሌላ ሰው አስተላለፈው። ሜይ 22 ቀን 1723 ቤተሰቡን በሁለት ሠረገላ፣ ዕቃውን በአራት ጋሪ ጭኖ ገባ። በሳምንቱ፣ ሜይ 30፣ የላይፕዚግ የመጀመሪያ ካንታታውን በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን አሰማ።

ካንታታ ለዕለቱ ወንጌል የሚዘጋጅ የሙዚቃ ስብከት ነው ብንል እንቀርባለን። የኅብረት ዝማሬ፣ የነጠላ ድምፅ ዜማ፣ በንግግር ዓይነት የሚዜም ትረካ አለው፤ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይወስዳል። በላይፕዚግ የእሁድ አምልኮ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይጀምርና ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። ወንጌል ይነበባል፣ ካንታታው ይዘመራል፣ ከዚያ ሰባኪው ወጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሰብካል። ቤተ ክርስቲያኑ ማሞቂያ የለውም። ሁለቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት፣ ቅዱስ ቶማስና ቅዱስ ኒቆላዎስ፣ ካንታታውን ተራ በተራ ያስተናግዳሉ። በዓመት ወደ ስድሳ ካንታታ ያስፈልጋል። እረፍት የሚገኘው ከገና በፊት ባሉት ሳምንታትና በዐቢይ ጾም ነው፤ እኛም አገር በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል እንደሚቀመጥ ሁሉ የላይፕዚግም መሣሪያ ዝም ይላል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ባኽ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አዲስ ካንታታ አቀረበ። ይህን ለማመን እኔ የእጅ ጽሑፎቹን ፎቶ ማየት ነበረብኝ። ብዙዎቹ በርሊን በሚገኘው የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ዛሬ ማንም ሰው በኢንተርኔት ገጽ በገጽ ሊያያቸው ይችላል። መስመሮቹ በአንድ ጊዜ አምስት መስመር በሚያሰምር ባለ አምስት ጥርስ ብዕር በእጅ የተሰመሩ ናቸው፤ አንዳንዱ ጠርዝ ላይ ይንጋደዳል። ወረቀት ውድ ስለነበር ባዶ ቦታ እምብዛም አታገኙም። ከላይ ኢየሱስ ሆይ እርዳኝ ለሚለው የላቲን ጸሎት ሁለት ፊደል፣ ከታች ለእግዚአብሔር ብቻ ክብር ይሁን ለሚለው ሦስት ፊደል ያስቀምጣል። በመካከል ግን ጸሎት የሚመስል ነገር የለም፤ ስርዝ ድልዝ ነው። የኖታው ራስ ወፍሮ ሌላ ኖታ ሆኗል፣ ግራ እንዳያጋባ ደግሞ ከጎኑ የኖታውን ስም በፊደል ጽፎበታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የገጹ ግርጌ ነው። ቀለሙ እስኪደርቅ ገጹን መገልበጥ አይቻልም። ሐሳቡ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ባኽ በገጹ ግርጌ በቀረችው ባዶ መስመር ላይ በቀጣዩ ገጽ የሚመጣውን ዜማ ጥቂት ምት ያህል በችኮላ ይጭራታል፣ እንዳይረሳት። ቀለሙ ሲደርቅ ገልብጦ ይቀጥላል። አንዳንዴ አዲሱ ገጽ ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ለውጦ ሌላ ይጽፋል። ያቺን ጭረት ሳይ ሰውየው አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ይሰማኛል።

ዋናው ጽሑፍ ሲያልቅ ሌላ ጣጣ አለ። ለእያንዳንዱ ዘማሪና ተጫዋች የየድርሻው ተነጥሎ መገልበጥ አለበት። ቤተሰቡ የሚኖረው በትምህርት ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ በግድግዳው ማዶ አዳሪ ተማሪዎች አሉ። ገልባጮቹም እነርሱ ናቸው። የሟቹ ኩናው የወንድም ልጅ አንዱ ነበር፤ የባኽ የበኩር ልጅ ቪልሄልም ፍሪደማን ሌላው ነው። አና ማግዳሌናም ትገለብጣለች፤ የእጅ ጽሑፏ የባሏን ከመምሰሉ የተነሳ ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ ይምታታባቸው ነበር። ኮተን ቤተ መንግሥት ሳለች ደመወዝ የምትቀበል ዘማሪት ነበረች። ላይፕዚግ ላይ ሴት በቤተ ክርስቲያን ስለማትዘምር ሶፕራኖ የሚባለውን ቀጭን የላይ ድምፅ የሚዘምሩት ወንዶች ልጆች ናቸው። ከቤቱ ምርጡ ድምፅ ወጥ ቤትና ጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ቀረ ማለት ነው። ይህ ያናድደኛል።

አሁን አንዱን ካንታታ ቀረብ ብለን እንየው። በዛሬው የሥራዎቹ ዝርዝር ቁጥሩ 140 ነው፤ ለኖቬምበር 25 ቀን 1731 የተጻፈ። ያ እሁድ ከሥላሴ በዓል በኋላ 27ኛው እሁድ ነው፤ እንዲህ ያለ እሁድ የሚኖረው ፋሲካ እጅግ ቀድሞ በሚውልበት ዓመት ብቻ ነው። ባኽ ላይፕዚግ በኖረባቸው 27 ዓመታት የገጠመው ሁለት ጊዜ ነው፣ በ1731 እና በ1742። የዕለቱ ወንጌል ማቴዎስ 25 ነው፦ አሥሩ ቆነጃጅት፣ መብራትና ዘይት፣ እኩለ ሌሊት ላይ የደረሰው ሙሽራ። ባኽ መሠረት ያደረገው ምዕመናኑ ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁትን፣ ፊሊፕ ኒኮላይ የሚባል ቄስ ሕዝቡ በወረርሽኝ ሲያልቅበት ጽፎ በ1599 ያሳተመውን መዝሙር ነው።

ሲጀምር ቫዮሊኖቹና ወገኖቻቸው በሙሉ ኦቦ ከሚባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር እየተቀባበሉ ይራመዳሉ። በሦስት ምት የሚሄድ፣ ነጠር ነጠር የሚል እርምጃ ነው፤ ሠርገኛ እየመጣ ነው። ከዚያ ሶፕራኖዎቹ ያን የታወቀ መዝሙር በረጃጅም ድምፅ፣ ሳይቸኩሉ ያነሳሉ፤ ቀንደ መለከት ያጅባቸዋል። ከሥራቸው አልቶ፣ ቴነርና ባስ ግን አይረጋጉም። ተነሡ፣ የት ናችሁ እየተባባሉ እንደሚራወጡ ናቸው። ከላይ የጠባቂው ጥሪ፣ ከታች ከእንቅልፉ የባነነው ሕዝብ። የአንድን ወንጌል ሁለት ወገን በአንድ ጊዜ ማሰማት ሰባኪ አይችልም፤ አንድ አፍ ነው ያለው። ሙዚቃ ይችላል።

አራተኛው ክፍል ላይ ቫዮሊኖቹና ቫዮላው ሁሉ አንድ ላይ ሆነው አንዲት ዜማ ይጫወታሉ። ወዝወዝ የምታሰኝ፣ ለብቻዋ ብትሰማ ምንም የማይጎድላት ዜማ ነች። ጨርሳ ዞራ ስትጀምር ቴነሮቹ የመዝሙሩን ሁለተኛ ቤት በላይዋ ይዘምራሉ። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው መሃል መንገድ ላይ ነው። ግን አይጋጩም። ይህን ክፍል ለመዘምራኖቼ ቀንሼ አስተምሬያለሁ። ቴነሮቹ የኪቦርዱን ዜማ እየሰሙ ወደ እርሱ እየሳባቸው ተቸገሩ፤ ሌላ መድኃኒት የለውም፣ የራስን መስመር ይዞ መቆም ነው። ባኽ ራሱ በኋላ ይህን ክፍል ለኦርጋን አዘጋጅቶ በሕይወት ሳለ አሳትሞታል፤ ከጻፋቸው ሁሉ ለማሳተም የመረጣቸው ጥቂት ናቸውና ይህን መምረጡ እርሱም እንደሚወደው ያሳያል።

ጊዜ ሲያጥረው አሮጌ ሥራውን ያነሳ ነበር። በ1734 ለገና ያቀረበው ታላቅ ሥራ በስድስት በዓላት ተከፋፍሎ የተዘመረ ነው፤ ብዙው ዜማው ለአገሩ ነገሥታት ቤተሰብ ልደትና ለመሳሰለው በዓል ቀድሞ የጻፈው ነው። ለንግሥቲቱ የተመታው ከበሮ ለሕፃኑ ኢየሱስ ተመታ። አንዳንዶች በዚህ ቅር ይላቸዋል። እኔ አይለኝም፤ የንግሥት ልደት በአንድ ምሽት ያልቃል፣ እንዲህ ያለ ዜማ ለአንድ ምሽት ብቻ መጣል ነበረበት?

ከአለቆቹ ጋር ግን አልተስማማም። ከማመልከቻው ሁለት ወር በኋላ፣ በኦክቶበር 1730፣ ዳንሲግ ለሚኖር የልጅነት ጓደኛው ለኤርድማን ሌላ ሥራ እንዲፈልግለት ጻፈለት። ገቢው በዓመት 700 ታለር ያህል እንደሆነ፣ ከተማው ኑሮ ውድ እንደሆነ፣ አለቆቹም ለሙዚቃ ደንታ እንደሌላቸው ይዘረዝራል። ከገቢው አንዱ ክፍል የሚመጣው ከቀብር ዝማሬ ነው። ታዲያ ባለፈው ዓመት አየሩ ጤናማ ስለሆነ ቀብሩ ቀንሶ ከ100 ታለር በላይ አጣሁ ይላል። ሰው ስላልሞተ ያዘነ አይምሰላችሁ፤ ልጆች ያሉት ሰው ሒሳቡን ነው የጻፈው። በዚያው ደብዳቤ ልጆቹ ሁሉ ሙዚቀኛ ሆነው እንደተወለዱ፣ ሚስቱ ጥርት ያለ ሶፕራኖ እንደምትዘምር፣ ቤት ውስጥ ኮንሰርት ማቅረብ እንደሚችሉ በኩራት ይነግረዋል። ሥራው አልተገኘም። መተንፈሻ የሆነለት ከ1729 ጀምሮ የመራው የተማሪዎች የሙዚቃ ማኅበር ሲሆን የሚጫወቱትም በሲመርማን ቡና ቤት ነበር፤ ቡና አልተውም ስላለች ልጅና ስለሚቆጣት አባቷ የጻፈው ቀልደኛ ካንታታ የዚያ ዘመን ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ላይ የተመሠረተው የሕማማት ሥራው በ1727 ስቅለት ዕለት በቅዱስ ቶማስ ተዘመረ፤ ሁለት ኳየር፣ ሁለት የመሣሪያ ጓድ፣ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ። በ1736 ንጹሕ ግልባጭ ሲያዘጋጅ የወንጌሉን ቃል በቀይ ቀለም ጻፈው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ምክር ቤቱ ጸሐፊውን ልኮ፣ ፈቃድ እስኪሰጥ የዘንድሮው የሕማማት ሙዚቃ ይቅር አለው። የባኽ መልስ በመዝገብ ላይ አለ፦ ግድ የለኝም፣ ሸክም እንጂ ጥቅም አግኝቼበት አላውቅም። ያን በቀይ ቀለም የጻፈ እጅ ይህን አለ። ቁጣ ነው፤ ሃይማኖቱ የቀነሰ ሰው ንግግር አይመስለኝም። የግል መጽሐፍ ቅዱሱ፣ ከትርጓሜው ጋር ሦስት ጥራዝ፣ ዛሬ አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በአንድ የሉተራውያን ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ይገኛል። ዳዊት ለቤተ መቅደስ መዘምራንን የመደበበት ምዕራፍ ላይ፣ እግዚአብሔርን ደስ የሚያሰኝ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ሁሉ እውነተኛ መሠረቱ ይህ ነው የሚል ማስታወሻ በራሱ እጅ ጽፎበታል።

በጁን 1749፣ ባኽ ገና በሕይወትና በሥራ ላይ ሳለ፣ ላይፕዚግ ተተኪውን ፈተነ። የባኽ ዓይን ደክሞ ነበር። በ1750 ቴይለር የሚባል ዘዋሪ እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አደረገለት፤ ብርሃኑን አጣ፣ ጤናውም ተቃወሰ። ጁላይ 28 ቀን ሞተ። አና ማግዳሌና በእጇ ከነበረው የካንታታዎቹን ግልባጭ ለትምህርት ቤቱ አስረከበች፤ በ1760 ስትሞት በምጽዋት የምትኖር ባልቴት ነበረች። እነዚያ ሁሉ ልጆች፣ ከመካከላቸው በመላው ጀርመን የታወቁ ሙዚቀኞች እያሉ፣ እንዴት እንዲህ ሆነች ብዬ መጠየቄን አልተውኩም። ጽሑፎቹ ተከፋፈሉ፤ የቪልሄልም ፍሪደማን ድርሻ በችግር ተሸጠ። ልጁ ባሳተመው የሕይወት ታሪክ አምስት ሙሉ ዓመት የሚሸፍን ካንታታ ጽፏል ይባላል፤ ዛሬ ያለን ወደ 200 ነው።

የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት ዘማሪ ልጆች ግን አንዳንድ ዝማሬዎቹን ሳያቋርጡ ቀጠሉ፤ ሞዛርት በ1789 እዚያ ሲያልፍ ሰምቷቸው ተደንቋል። ሙዚቀኛው ሜንደልሶን የማቴዎስን ሕማማት በርሊን ላይ በማርች 11 ቀን 1829 ሲያቀርብ ገና ሃያ ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም ወደ ባኽ የዞረው።

ጀርመን የምትኖሩ አንባብያን ዕድሉ አላችሁ። የቅዱስ ቶማስ ልጆች ትምህርት ቤት ሳይዘጋ በእኛ አቆጣጠር ዓርብ ምሽት 12 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት በዚያው ቤተ ክርስቲያን ይዘምራሉ። አገር ቤት ያላችሁ በስልካችሁ የባኽን ካንታታ ቁጥር 140 ፈልጉ፤ ሠላሳ ደቂቃ አይሞላም። መጀመሪያ ማቴዎስ 25ን እስከ ቁጥር 13 አንብቡ፤ ከዚያ ጀርመንኛውን አለማወቃችሁ ብዙ አይጎዳችሁም። ዕቃ እያጠባችሁም ብትሰሙት አልቀየምም፤ አራተኛው ክፍል ሲደርስ ግን እጃችሁን አድርቃችሁ ቁጭ በሉ።